የማንም ያልነበረ ልክ

እናቴ እንደምትለው ቬሎው የታዘዘው በድንቡሼ ልክ ነው። ድንቡሼ እንደምትለው ደግሞ የታዘዘው በእናቴ ልክ ነው።

ድንቡሼ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ እህት። በልጅነቷ ጉንጯም ክንዷም ድንቡሽቡሽ ያለ ስለነበር የወጣላት ስም ነው፤ ዛሬ ፀጉሯ ሸብቶም ስሙ አልለቀቃትም። ክርክሩ የሚነሳው የሠርጓ ፎቶ ከአልበም በወጣ ቁጥር ነው። ፎቶው ላይ ድንቡሼ ቬሎ ለብሳ ትስቃለች። ፊቷ ቀጭን ነው፣ አንገቷ ቀጭን ነው፣ ወገቧ ግን ሙሉ ነው። ፎቶውን አዲስ ያየ ሰው ሁሉ አንዴ ፊቷን አንዴ ወገቧን ያያል፤ ከዚያ ጨዋ ከሆነ ዝም ይላል።

"እኔ በምን ሆዴ ነው ይሄን የምሞላው?" ትላለች ድንቡሼ። "ቆማ የተለካችው እሷ ናት። የራሷን ሠርግ አልጠገበችውም መሰለኝ።"

"የራስሽን ወገብ ረሳሽው?" ትላለች እናቴ። "ያንቺው ልክ ነው። እኔ አንዲት ጣት አልጨመርኩበትም።"

"ኧረ ተዪኝ እቴ!"

አባቴ ከወንበሩ ሳይነሳ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ጥፋቱ የቀሚሱ ነው" ይላል። ይስቃሉ። አልበሙ ይዘጋል።

ውሸታሞች አይደሉም። ብቻ ታሪኩን ሲያወሩ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ይዘሉታል፤ አንዷ አፍራ፣ አንዷ ላፈረችው አዝና። እነሱ በሚዘሉት ቦታ ላይ እኔ ቆሜ ነበር። የፊት ጥርሶቼ የወለቁበት ዓመት ነው። ያኔ ከሁለቱም የተለየ የራሴ ታሪክ ነበረኝ። በእኔ ታሪክ የምታገባው እናቴ ነበረች።

*

የሰፊዋ ቤት ከወፍጮ ቤት በላይ ነበር። በጎን በኩል ባለው የእንጨት ደረጃ ይወጣል። ወፍጮው ሲፈጭ ክፍሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሳህን ላይ የተቀመጡት ስፒሎች ይንሿሿሉ፣ የስፌት መኪናው መሳቢያ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይከፈታል፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው ረጅም መስታወት ይርገበገባል። እመስታወቱ ውስጥ ያለ ሰው ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ነበር፤ ዳርና ዳሩ አይረጋም። በወለሉ ስንጥቅ የሚወጣው የዱቄት ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ ብሎ ይዋኛል። ሰፊዋ ቬሎዎቿን በአንሶላ እየሸፈነች፣ እየገለጠች፣ እያራገፈች፣ መልሳ እየሸፈነች ነው ቀኗ የሚያልቀው።

"ግድ የለም" ትል ነበር። "ዱቄቱም ነጭ፣ ቬሎውም ነጭ። ከሰል ሻጭ ጎረቤት ቢሰጠኝ ምን ይውጠኝ ነበር?"

ቬሎ ራሷ አትሰፋም። ጥቂት ናሙናዎች አሏት። ደንበኛ ናሙናውን ለብሳ ትመርጣለች፤ ሰፊዋ ልኳን ትወስዳለች፤ ልኩ ሌላ ከተማ ወዳለ ትልቅ ስፌት ቤት በመኪና ይላካል፤ ከወራት በኋላ ቬሎው ተሰፍቶ በካርቶን ይመጣል። የሰፊዋ ሥራ መለካት ነው፣ ሲመጣ ደግሞ ጫፍ ጫፉን ማስተካከል። "ከለካሁ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም" ትላለች ለሁሉም። "ያ መኪና ከሄደ ሄደ ነው።"

እናቴና ሰፊዋ ናሙናዎቹን እያገላበጡ ሲነጋገሩ እኔ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ይሄ እጅጌ የለውም" አለች እናቴ። "ክንዷ ይታያል።"

"ቢታይስ? ሙሽራ አይደለች እንዴ?"

"አይሆንም። እጅጌ ይኑረው፣ ረጅም።"

ክንዷ የሚባልላት ማን እንደሆነች ለማየት አንገቴን አወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ከእናቴና ከሰፊዋ ሌላ የነበረችው ጥግ ላይ የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ብቻ ናት። ራስ የላትም፣ ክንድም የላትም። ክንድ ለሌላት ሴት ስለ እጅጌ መጨነቃቸው ገረመኝ፤ አዘንኩላትም።

ረጅም እጅጌ ለምን እንደተፈለገ ዛሬ አውቃለሁ። ድንቡሼ ያን ጊዜ ከከተማው ዳር፣ ኮረብታው ላይ ባለው የሳንባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ክንዶቿ ቀጥነው በመርፌ ጠቋቁረው ነበር። ወደዚያ ልጅ አይገባም። ለእኔ የተነገረኝ "ለኮርስ ሄዳለች" ተብሎ ነው። ኮርስ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ሰፊ ወንዝ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው በጀልባ ተሻግሮ ማዶ የሚቀመጥበት፣ ጀልባው እስኪመለስ ድረስ።

እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቆየች። ስትወጣ እናቴ አልነበረችም። ከአንገቷ እስከ ወለሉ ነጭ ነበረች። ዳንቴሉ ከደረቷ ተነስቶ በሁለቱም ጎኖቿ እንደ ሐረግ ይወርዳል። እመስታወቱ ፊት ስትቆም ወፍጮው ሥር ሆኖ ያጉረመርማል፣ እመስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ትርገበገባለች፣ ትቀልጣለች፣ ተመልሳ ትሰበሰባለች። "እማዬ" አልኩ። ድምፄን ወፍጮው ፈጨው።

ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በእናቴ ወገብ ዙሪያ አዞረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ጉርድ ስሰፋልሽ እንዲህ ነበርሽ እንዴ? ግማሽሽን የት ጣልሽው?"

"ትንሽ ከስቻለሁ እትዬ።"

"ታዲያ የእህትሽን ልክ ካንቺ ላይ እንዴት ልውሰደው?"

"ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ልክ ነን። አንድ ቀሚስ ነው ተራ በተራ የምንለብሰው።"

"ነበራችሁ። አሁን ግን አንቺም አንቺ አይደለሽም። ስሚኝ፣ ለምን ራሷን ሄጄ አልለካትም? ሜትር ይዞ ሆስፒታል መግባት አልተከለከለ።"

"አሁን ባለችበት?" እናቴ ወደ ኋላ አለች፤ ቬሎው ተንኮሻኮሸ። "አይሆንም! አሁን ያለው ልክ የበሽታው ነው እንጂ የእሷ አይደለም። በበሽታ ልክ ቬሎ አላዝላትም።"

"እንግዲያው አንድ የድሮ ልብሷን አምጪልኝና በዚያ እንውሰድ።"

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። "አብረን የምንለብሰውም ጭምር አንድም አልቀረም" አለች። "አቃጠልኩት።"

ይህን ሁሉ እንዲህ አሟልቼ የምጽፈው ሰፊዋ ካደግሁ በኋላ ስላጫወተችኝ ነው። ያን ቀን ወፍጮው አሳልፎ ያቀበለኝ ቁርጥራጭ ብቻ ነበር፤ ቬሎ፣ ልክ፣ አቃጠልኩት። የመጨረሻው አልገረመኝም። እሳቱን አይቼው ነበርና። እናቴ ጓሮ ውስጥ ልብስ ከምራ ስታነድ የእኔን አረንጓዴ ሹራብ ልትጨምር ስትል ጮኼ አስጥያታለሁ። ሹራቡን ድንቡሼ ናት በእጇ ሠርታ የሰጠችኝ፤ "ያድግበታል" ብላ ከልኬ በጣም አስፍታው እጅጌው ሁለት ጊዜ እየታጠፈ ነበር የምለብሰው። እና የጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፤ ሰው አሮጌውን የሚያቃጥለው ወደ አዲስ ቤት ሲሄድ ነው።

ያን እሳት እንድታነድ ያዘዛት ሰው አልነበረም። አንዲት ጎረቤት "በልብስ ይተላለፋል" አለቻት፤ ያን ሰሞን ደግሞ እኔ ጉንፋን ይዞኝ እስል ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሳል ሰማችና ፈራች። በኋላ ሐኪሙ "ምን አደከመሽ፣ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃ ነበር" ብሏታል። እናቴ እስከ ዛሬ የልብስ ጭስ ሲሸታት መስኮት ትዘጋለች።

ሰፊዋ ሜትሯን ጠቀለለች። "መኪናው የሚሄደው በሚቀጥለው ሳምንት ነው" አለች። "እስከዚያ ወስኚ። የምለካው የዛሬዋን ነው የድሮዋን? አስቢበት የኔ ልጅ። ቢጠባት ታዝናለች፤ ቢሰፋት ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ትሳቀቃለች።"

*

በዚያ ሳምንት እናቴ በላች። ሾርባ በላች፣ እንቁላል በላች፣ ወተት በትልቁ ኩባያ ጠጣች። መብላቷ ግን የራበው ሰው አበላል አልነበረም። ግድግዳውን እያየች ትጎርሳለች፣ ታላምጣለች፣ ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርጋለች፣ ደግማ ትጎርሳለች።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ለምሳ ሲመጣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል።

"ብዪ ሙሽሪት!" ይላታል። "በዚህ አያያዝሽ የኋላውን በር ካልከፈትኩልሽ አውቶቡስ አትገቢም።"

"ተው አሁን፣ አታስቀኝ፤ ትን ይለኛል።"

"ለእኔ ስትዳሪ እንዲህ በልተሽ ነበር? እኔን እኮ በባዶ ሆድሽ ነው ያገባሽኝ።"

እሷ ትስቃለች። እሱም ይስቃል። እኔ ግን የማየው አባቴን ነበር። ሚስቱ ሌላ ሰው ልታገባ ነው፤ እሱ ደግሞ ዳቦ እየቆረሰ ያቀብላታል። እንዲህ ያለ ደግ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። ያን ሰሞን ሳያዘኝ ጫማውን አጠራርግለት ጀመር።

ሌላው ሰው ማን እንደሆነም አውቄያለሁ። ሬዲዮ ጠጋኙ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ የተቃጠለ ሽቦ የሚሸቱ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ በወረቀት ከረጢት ብርቱካን ይዞ ይመጣል። እናቴ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ትወጣለች። ጎን ለጎን ሆነው፣ ብዙም ሳይነጋገሩ፣ በኮረብታው መንገድ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ምሳ ዕቃው አንዳንዴ ባዶ ነው፤ አንዳንዴ ግን እንደሄደ ይመለሳል፣ ያን ቀን ሁለቱም አይናገሩም። እኔ የማየው አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና ምግብ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አንድ ቀን እናቴ ጫማዋን እስክትቀይር ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"ልትወስዳት ነው?" አልኩት።

ቶሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም። የተበላሸ ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ራሱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። "እግዜር ካለ" አለ።

"አባዬስ?"

"አባትህማ መርቆኛል። 'ቶሎ ውሰድልን' ነው የሚለው።"

"እኔስ?"

"አንተማ ዋናው ነህ!" አለና ከከረጢቱ ትልቁን ብርቱካን መርጦ ሰጠኝ። "ያላንተ ምን ሠርግ አለ?"

ብርቱካኑን አልበላሁትም። ግን አልመለስኩለትምም። አልጋ ሥር ደብቄው ጠረኑ ክፍሉን ሞላው፤ ተኝቼም ሠርግ ሠርግ ይሸተኝ ነበር። በሕልሜ እናቴ ነጭ ለብሳ በጀልባ ወንዙን ትሻገራለች፤ ማዶ ድንቡሼ ቆማ እጇን ታውለበልባለች፤ እኔና አባቴ በዚህ በኩል አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠናል፣ አውቶቡሱ መቅዘፊያ የለውም።

*

ሳምንቱ አልቆ ወደ ሰፊዋ ስንሄድ እናቴ ደረጃው ሥር ቆመች። ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ጫን አለች። ያን ሁሉ የበላችው የት እንደገባ እንጃ፤ ወገቧ ያው ነበር።

"ሰውነት እልኸኛ ነው" አለች ለራሷ።

ላይ ወጣን። ሰፊዋ ናሙናውን አውጥታ ሰጠቻት፤ እናቴ መጋረጃው ጀርባ ገባች። ትንሽ ቆይታ በመጋረጃው ጫፍ እጇን አውጥታ ጠራችኝ። ገባሁ።

"ሹራብህን አውልቅ" አለች በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"አውልቅ ልጄ።"

አወለቅሁ። በውስጥ ልብሷ ቆማ ነበር። ሹራቡን ዘርግታ በወገቧ ዙሪያ ጠመጠመችው፤ ጀርባው ሆዷ ላይ ሆነ፣ ረጃጅሞቹን እጅጌዎች ከኋላ አዙራ አሰረቻቸው። ቬሎውን ከላይ አጠለቀችው። ነጩ ወርዶ አረንጓዴውን ዋጠው። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳገኘሁት አላውቅም። ገባኝ። ጥላኝ አትሄድም። ልብሴን ልብሷ ውስጥ የደበቀችው ለምልክት ነው፤ ሙሽራው ሳያይ፣ ሰፊዋ ሳታይ፣ እኔን ከወገቧ ጋር አስራ ይዛኝ ልትሄድ ነው። እጅጌዎቹ ከኋላ አቅፈዋታል። እዚያ ውስጥ ያለሁት እኔው ነበርኩ።

ሰፊዋ ሜትሩን አዞረች። እጇ የእናቴ ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጫን አደረገች፤ ለቀቀች፤ ደግማ ጫን አደረገች። ወፍጮው ያጉረመርማል። ከዚያ በሸሚዝ ብቻ ወደቆምኩት ወደ እኔ አየች።

"ሞላ ብለሽ መጣሽ" አለች።

"በላሁ።"

"መብላትስ በልተሻል። ምን ብትበዪ ነው እንዲህ የሞቅሽው?"

እናቴ እመስታወቱ ውስጥ የምትርገበገበውን ሙሉ ወገብ ሴት ነበር የምታያት። ዓይኖቿ ውስጥ ናፍቆት ነበር። ያኔ ራሷን እያየች መሰለኝ። ዛሬ ማንን እንዳየች አውቃለሁ፤ ልብስ ለብሳ መጥታ እዚያ መስታወት ውስጥ ለአፍታ የቆመችላት እህቷን ነው፣ ያቃጠለችውን ልብስ ሁሉ የሞላች እህቷን።

ሰፊዋ የስፌት ጠመኔዋን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ አየችው፣ መልሳ ሰካችው። "ይሁን" አለች። "እንዳልሽው።" ልኩ ተጻፈ፤ መኪናው ይዞት ሄደ። በዚያ ቀን በምድር ላይ ያ ወገብ ያላት ሴት አልነበረችም። እናቴ አይደለችም፣ ድንቡሼም አይደለችም። ሦስት ነገር ተደምሮ የተሠራ ወገብ ነበር፤ የአንዷ ክሳት፣ የሌላዋ ትዝታና የእኔ ሹራብ።

*

ድንቡሼ የተመለሰችው ቬሎው በመጣበት ሳምንት ነው። ከታክሲ ስትወርድ ሬዲዮ ጠጋኙ ክንዷን ይዟት ነበር። አላወቅኋትም። ኮቷ ብቻውን የሚራመድ ይመስል ነበር። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ የድንቡሼ ነበር።

"አንተ! ጥርሶችህን ማን ሰረቃቸው?"

"ኮርሱ አለቀ?" አልኳት።

እናቴን አየች፣ ከዚያ እኔን። "አለቀ" አለች። "ፈተናው ከባድ ነበር፤ ግን አልፌያለሁ።"

ለእናቴ ሠርግ የመጣች መሰለኝ። ሠርጉ እሑድ ነበርና ሐሙስ ዕለት አራታችን ወደ ሰፊዋ ሄድን። ሬዲዮ ጠጋኙ ደረጃውን አልወጣም፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሊጠብቅ ቀረ። ሰፊዋ ካርቶኑን ከፈተች። አዲሱ ቬሎ ከናሙናው ይልቅ ነጭ ነበር፤ ሲወጣ ክፍሉ የነጋ መሰለ።

"በይ" አለች እናቴ፤ የዘረጋችው ግን ለድንቡሼ ነው። "ግቢና ልበሺው።"

ክፉኛ ደነገጥሁ። እናቴ ሙሽራነቷን ሰጠቻት! ሬዲዮ ጠጋኙንም፣ ብርቱካኑንም፣ ነጩንም ሁሉ ለእህቷ አሳልፋ ሰጠች። ደስ አለኝ፤ አባቴ አውቶቡስ ውስጥ ብቻውን አይቀርም። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቀኝ። ሹራቤን እኔው ለብሼዋለሁ። ቬሎው ውስጥ ማንም የለም።

ድንቡሼ ከመጋረጃው ወጣች። ዚፑ ተዘግቷል፣ እጅጌዎቹ ክንዶቿን ሸፍነዋል። ግን ቬሎው እሷን አልያዘም፤ እሷ ነበረች ቬሎውን የያዘችው፣ በሁለት እጇ፣ እንዳይወድቅ። ወገቡ ዙሪያ ሌላ ሰው የሚያስገባ ባዶ ቦታ ነበር።

በዚያ ቅጽበት መብራት ጠፋ መሰለኝ፣ ወፍጮው ቆመ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ስፒሎቹ ረጉ። መስታወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ። ድንቡሼ እመስታወቱ ውስጥ ያለ ምንም መርገብገብ፣ እንዳለች፣ ቆማ ታየች። ለረጅም ጊዜ ራሷን አየች።

"ይሄ የማን ልክ ነው?" አለች።

እናቴ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጫፍ አስተካከለች። "ያንቺ።"

"እኔ ይሄን ያህል ነበርኩ?"

ሰፊዋ በጉልበቷ ተንበርክካ ጎኑን በጣቶቿ ሰብሰብ አድርጋ ለካች። "ማጥበብ ይቻላል" አለች ቀስ ብላ። "ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ዳንቴሉ የወረደው በጎንና በጎኑ ነው። ከጠበበ የዳንቴሉ ግማሽ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ በኋላ መልሼ ላሰፋው አልችልም። የሚቀረው የዛሬዋ ልክ ነው፣ ለሁልጊዜው።"

"ቁረጪው" አለች እናቴ። "ቁረጪው እትዬ፣ ሰው ፊት እንዲህ አትቆምም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሰፊዋ መቀሱን አነሳች። ጸጥታው ውስጥ የመቀሱ መከፈት ጎልቶ ተሰማ።

"ተይ!" ብዬ ጮኽሁ። ሹራቤን በራሴ ላይ ጎትቼ አወለቅሁና ለድንቡሼ ዘረጋሁላት። "ይሄ ነው የቀረው። እማዬ ስትለካ ይሄ ውስጡ ነበር።"

ድንቡሼ ሹራቡን አየችው። በገዛ እጇ የሠራችው ነው። እናቴን አየቻት። እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"አንቺ" አለች ድንቡሼ። "ይሄን ሸጉጠሽ ነው የተለካሽው?"

"ምን ላድርግ?" አለች እናቴ ከእጆቿ ውስጥ ሆና። "ልብስሽን ሁሉ አቃጠልኩት። አንድ እንኳ መለኪያ አላስቀረሁልሽም። እኔም ደግሞ... እኔም አልበቃሁሽም።"

"ሽማግሌዎቹ ይሄን ወገብ አይተው አርግዛለች ይሉ ይሆን?" አለች ድንቡሼ፤ መሳቅ ጀመረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ቬሎው በላይዋ ላይ ተርገበገበ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ሁላችንም ባለንበት ደረቅን። ሰፊዋ መቀሱን እንደያዘች ቀረች። ከታች ሬዲዮ ጠጋኙ "ደህና ናችሁ?" ብሎ ሲጣራ ተሰማ።

ሳሉ አለፈ። ድንቡሼ ዓይኗን ጠረገችና በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። እኔም በሥሯ አሾለክሁ። ሬዲዮ ጠጋኙ ከራሱ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ቀና ብሎ ያያታል።

"አንተስ መቼ ለበስክ?" አለችው።

ከመስኮቱ ተመለሰች። እናቴ አሁንም ፊቷን አልገለጠችም። ድንቡሼ ሹራቡን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ አሸተተችው፣ እጅጌውን ዘረጋችው፣ ሁለት ቦታ የታጠፈበትን ምልክት በጣቷ ተከተለችው። አሁን የሚታጠፈው አንዴ ብቻ ነበር። ከዚያ የእናቴን እጆች ከፊቷ ላይ አንድ በአንድ አነሳች፤ ወደ ሰፊዋም ዞረች።

"መቀሱን አስቀምጪው እትዬ" አለች፣ ከታች ያለውም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "አይቆረጥም! እሑድ የልጁ ሹራብ ቦታዬን ይያዝልኝ፤ እኔ አድግበታለሁ።"